በማጥቃት ከሁሉም የሚበልጠው ቦክሰኛ ማነው? (ታይሰን ብላችሁ ብቻ እንዳትሸኙኝ)

የካሳንቺሱ

ሰላም ቤቶች። ከአክስቴ ልጅ ጋር ተጣልቼ ነው የመጣሁት። አሜሪካ ቅዳሜ ማታ የሚደረግ ትልቅ ግጥሚያ እኛ ጋ የሚደርሰው እሁድ ጠዋት 12 ሰዓት ግድም ነው፣ ታውቁታላችሁ። እንቅልፋችንን ሠውተን፣ ሻይ አፍልተን፣ ጋቢ ተከናንበን ቁጭ አልን። ሁለቱ ሰዎች 12 ዙር ሙሉ ተቃቅፈው አሳለፉት። በነጥብ አለቀ። የአክስቴ ልጅ ሪሞቱን ሶፋው ላይ ወረወረና "ታይሰን ቢሆን ይሄኔ ተመልሰን ተኝተን ነበር" አለ። በዚሁ ተጀመረ። ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ እኛ አሁንም እየተጯጯህን ነበር።

ጥያቄዬ ግልጽ ነው። በጠቅላላው ታላቁ ማነው አላልኩም። እሱን ከጠየቅን አሊ ይመጣል፣ ሜይዌዘር ይመጣል፣ አናበቃም። እኔ ያልኩት በማጥቃት ብቻ። ሰውየው ወደ ፊት ሲመጣ ከፊቱ ያለው ሰው ምን ያህል ይጨንቀዋል? ምን ያህል ዓይነት ቡጢ አለው? አንዱ ሲዘጋበት ሌላ በር ይከፍታል ወይ?

የእኔ አምስቱ፦ ሄንሪ አርምስትሮንግ፣ ጆ ሉዊስ፣ ሹገር ሬይ ሮቢንሰን፣ ሁሊዮ ሴዛር ቻቬዝ፣ ማኒ ፓኪያው። ቅደም ተከተሉን አልወሰንኩም። ዓመት ስትጠቅሱ በፈረንጅ አቆጣጠር ይሁን፣ እንዳንምታታ።

ታይሰንን ለምን አላስገባሁም? ስለሚያስፈራ ብቻ አላስገባም፣ ለዛ ነው። ፍርሃት ለብቻው ነጥብ አይደለም።

ብረቱ

ኧረ በናትህ! የአክስትህ ልጅ ትክክል ነው፣ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ማይክል ስፒንክስን ታስታውሳለህ? ሰኔ 1988፣ አትላንቲክ ሲቲ። ስፒንክስ እስከዚያ ቀን ተሸንፎ የማያውቅ ሰው ነው። ታይሰን በ91 ሰከንድ ጨረሰው! ቲኬት ከፍለው የገቡ ሰዎች ወንበራቸውን ሳያሞቁ አለቀ። ከዚያ በፊት ኅዳር 1986 ላይ በርቢክን በሁለተኛው ዙር ሲጥለው ልጁ 20 ዓመት ከ4 ወር ነበር። እስከ ዛሬ በከባድ ሚዛን ከሱ ያነሰ ሻምፒዮን የለም። በርቢክ በአንድ ሁክ (ክንድን አጥፎ ከጎን በሚመታ ቡጢ) ነው የወደቀው፣ ሊነሳ ሲል ወደ ገመዱ ተንከባለለ፣ እንደገና ሊነሳ ሲል ወደዛኛው ጎን ሄደ። አንድ ቡጢ፣ ብዙ ውድቀት።

ደግሞ "ጉልበት ብቻ" የምትሉት ነገር ያናድደኛል። ታይሰን ለከባድ ሚዛን አጭር ነው፣ 1.78 ሜትር ግድም። ሁሉም ከላይ ወደ ታች ነው የሚያዩት። ከነዚያ ረጃጅም ክንዶች ሥር እንዴት የሚገባ ይመስልሃል? ሁለት እጁን ጉንጩ ላይ ለጥፎ፣ ጭንቅላቱን ግራ ቀኝ እያመላለሰ፣ ከአሰልጣኙ ከከስ ዳማቶ በተማረው መንገድ። ሲያጎነብስ መከላከሉ ነው፣ ቀና ሲል ማጥቃቱ ነው። ሁለቱን አንድ ያደረገ ሰው ነው። ይሄ ካላስገባው ምን ያስገባዋል?

ጓንት የሰቀለ

ብረቱ፣ ወንድሜ፣ ግማሹን እቀበልሃለሁ። የ86 እና የ88 ታይሰን ሙሉ አጥቂ ነው። ጠቡ ያለው ከዛ በኋላ ነው። የካቲት 1990 ቶኪዮ ላይ በስተር ዳግላስ ጃቡን (በፊተኛው እጅ ቀጥ ብሎ የሚሄደውን ቡጢ) ፊቱ ላይ እየተከለ ሲያቆመው ታይሰን ሁለተኛ ሐሳብ አላመጣም። የመጀመሪያው በር ተዘጋበት፣ ቆመና ያንኑ በር አንኳኳ። 10ኛው ዙር ላይ ማስቲካውን (ያው የጥርስ መከላከያውን ማለቴ ነው) ከመሬት እየፈለገ ጨዋታው አለቀ። የካሳንቺሱ "ሌላ በር ይከፍታል ወይ" ያልከው ጥያቄ እዚህ ላይ ነው የሚመለሰው።

እኔ በወጣትነቴ ትንሽ ቦክስ ተጫውቻለሁ። ትልቅ ነገር አልሠራሁም፣ ክለብ ለክለብ፣ አምስት ስድስት ግጥሚያ። ግን አንድ ነገር በገላዬ ተምሬያለሁ፣ እሱን ልንገራችሁ። ልምምድ ላይ ከእኔ በዕድሜም በኪሎም የሚያንስ ልጅ ነበር፣ ዝምተኛ፣ ክንዱ ቀጭን። ሁለት ጊዜ ፊቴ ላይ ቀለል አድርጎ ነካካኝ። እኔ ጅሉ እጄን ከፍ አደረግኩ። በቀኝ ጎኔ፣ ከጎድን አጥንቴ ሥር፣ በግራ እጁ አንዲት አጭር ቡጢ አስገባ። ብዙም አላመመኝም። "ይቺማ ምንም አይደለች" ብዬ አንድ እርምጃ ሄድኩ። ከዚያ እግሬ የኔ መሆኑን አቆመ። ጭንቅላቴ ንጹሕ ነው፣ ሁሉ ነገር ይሰማኛል፣ አሰልጣኙ "ተነስ" ሲል ይሰማኛል፣ ግን ትንፋሽ የለም። ተንበርክኬ የወለሉን አቧራ እያየሁ መቁጠር ብቻ። የጉበት ቡጢ ማለት እሱ ነው። አገጭ ላይ የተመታ ሰው አንዳንዴ መመታቱንም አያውቅም። ጉበቱ ላይ የተመታ ግን ሁሉንም ያውቃል፣ መነሳት ብቻ ነው ያቃተው።

ስለዚህ የኔ አንደኛ ቻቬዝ ነው። የኩሊያካኑ ልጅ ያንን ቡጢ ኑሮው አድርጎት ነበር። አይቸኩልም። እየተራመደ ይመጣል፣ ሪንጉን ያጠብብሃል፣ በሁለተኛው ዙር አንድ፣ በሦስተኛው ሦስት እያለ ሆድህ ላይ ያስቀምጣል። ተቀማጭ ነው እንበል፣ ወለዱን 10ኛው ዙር ላይ ይወስዳል።

መጋቢት 17 ቀን 1990 ላስ ቬጋስ ከሜልድሪክ ቴይለር ጋር ያደረገውን ያላየ ካለ ዛሬውኑ ይይ። ቴይለር የ1984 የኦሊምፒክ ወርቅ ባለቤት፣ እጁ መብረቅ። ዙሮቹን ይወስዳል፣ ሦስት ሲመታ አንድ ይመታል። ነገር ግን ያቺ አንዷ ትከብዳለች። ዙሮቹ ሲገፉ ዙሩን የወሰደው ሰው ፊቱ አብጦ፣ ደም እየዋጠ፣ ተሸናፊ የተባለው ሰው ፊት ደግሞ ደህና ነው። 12ኛው ዙር መጨረሻ ላይ ቻቬዝ በቀኝ ጣለው። ቴይለር ተነሳ። ዳኛው ሪቻርድ ስቲል ደህና ነህ ወይ ብሎ ሁለቴ ጠየቀው፣ መልስ የለም። 2 ሰከንድ ሲቀረው አስቆመው። ሁለት ሰከንድ! ከሦስቱ ነጥብ ሰጪዎች በሁለቱ ወረቀት ቴይለር በሰፊው እየመራ ነበር። እስከ ዛሬ ሰው ይጨቃጨቅበታል። እኔ ስለ ዳኛው አልከራከርም። እኔ የምለው፣ 11 ዙር እየተሸነፈ ግን እያጠቃ የነበረው ቻቬዝ ነው። ሥራውን ያየው ሰው ጥቂት ነበር እንጂ።

ብረቱ

የጉበቷ ታሪክ አሳመመችኝ፣ ቁርሴን እየበላሁ ነበር። ግን ማስቲካ ፍለጋውን ምን አመጣው? ሰው በደካማ ቀኑ ይለካል እንዴ?

ጓንት የሰቀለ

ይለካል እንጂ! በምን ቀን ልለካው ነበር፣ በልደቱ?

ሩት ከሲልቨር ስፕሪንግ

የወንዶቹ ጭቅጭቅ መሃል ልግባ። ጆ ሉዊስን ሁላችሁም በዝርዝር አስገባችሁ እንጂ ማንም ስለሱ አንድ መስመር አልጻፈም። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ አንድ ምሽት ዕዳ አለብን ለእሱ፣ ብዙ ሰው አያውቀውም።

ሰኔ 25 ቀን 1935፣ ኒው ዮርክ፣ ያንኪ ስታዲየም። ሉዊስ 21 ዓመቱ ነው። ተጋጣሚው ፕሪሞ ካርኔራ፣ የቀድሞ የዓለም ሻምፒዮን፣ 118 ኪሎ ግድም የሚመዝን ጣሊያናዊ። ሉዊስ 89 ኪሎ አካባቢ። የዚያን ሰሞን ሙሶሎኒ ሊወረን ጦሩን እያጓጓዘ ነበር፣ ካርኔራን ደግሞ የፋሺስቱ መንግሥት የጣሊያን ጉልበት ማሳያ አድርጎት ነበር። ለኒው ዮርኩ የሃርለም ሰፈር ጥቁሮች ያ ግጥሚያ ቦክስ ብቻ አልነበረም። ኢትዮጵያ እና ጣሊያን ነበር። ጠብ ይነሳል ተብሎ በመቶዎች የሚቆጠር ፖሊስ ቆሟል፣ አስተዋዋቂውም ከመጀመሩ በፊት ሕዝቡ ዘር ሳይለይ በጨዋነት እንዲያይ ለምኗል።

አሁን ወደ ማጥቃቱ። ሉዊስ ያንን ግዙፍ ሰው አልሮጠበትም። በትንንሽ እርምጃ፣ እግሩን ከወለሉ ሳያነሳ ማለት ይቻላል፣ እየተንሸራተተ ቀረበ። የሉዊስ ቡጢ ስንዝር ታህል ርቀት ነው የምትጓዘው። ወደ ኋላ ሳብ አያደርግም፣ ስለዚህ ስትነሳ አታያትም፣ ስትደርስ ብቻ ነው የምታውቀው። ካርኔራን መጀመሪያ አፉን አደማው። ከዚያ እጁን ሲያወርድ ላይ፣ እጁን ሲያነሳ ታች። 6ኛው ዙር ላይ ሦስት ጊዜ ጣለው፣ ዳኛው አስቆመ። ትልቅ ዛፍ ሲገነደስ አይታችሁ ታውቁ ከሆነ፣ መጀመሪያ ጫፉ ነው የሚወዛወዘው። እንደዛ ነው።

ጣሊያን በዚያው ዓመት፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ መረብን ተሻገረች፣ የአንድ ሰው ቡጢ ጦርነት አያስቀርም። ግን በዚያች ሌሊት ሃርለም መንገድ ወጥቶ ሲጨፍር የእኛንም ስም ይዞ ነበር የጨፈረው። እዚህ አሜሪካ በዕድሜ የገፉ አንድ ጥቁር ጎረቤት ነበሩኝ፣ ኢትዮጵያዊት ነኝ ስላቸው መጀመሪያ ያነሱልኝ አበበ ቢቂላን አልነበረም። ጆ ሉዊስን ነው። ግራ ገብቶኝ ቤት ገብቼ ፈለግኩ፣ በዛው ሱሰኛ ሆንኩ።

የ1938ቱን ሽሜሊንግ ሁሉም ያውቀዋል፣ 124 ሰከንድ። ግን ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ሽሜሊንግ እሱን 12ኛው ዙር ላይ እንደዘረረው አትርሱ። ሉዊስ ጃብ ከወረወረ በኋላ ግራ እጁን ዝቅ ያደርግ ነበር፣ ጀርመኑ ያቺን አይቶ ቀኙን ላከበት። ሲመለሱ ሉዊስ በዚያች በኩል የሚገባበት ጊዜ አልሰጠውም። ጎኑ ላይ ያሳረፈው ቡጢ አከርካሪ አጥንቱ ላይ ጉዳት አደረሰበት፣ ሰውየው ሆስፒታል ገባ። ጓንት የሰቀለ ሌላ በር አልክ፣ ይኸው በር።

የካሳንቺሱ

ሩት እግዜር ይስጥሽ። ካርኔራን እንደ ተራ ስም ነበር የማውቀው፣ የ1935ቱን ወሬ አልሰማሁም ነበር። ለአክስቴ ልጅ ላክሁለት፣ አይቶ ዝም ብሏል፣ እሱ ዝም ካለ ትልቅ ነገር ነው።

አርምስትሮንግን ማንም አልነካም። እኔ አንደኛ ላደርገው ነው የማስበው። ተቃውሞ ካለ አሁን።

ሚዛን ጠባቂው

ተቃውሞ የለም፣ ማሟያ አለ።

ዛሬ ቀበቶ (የሻምፒዮንነት ማዕረግ) እንደ ሰፈር ዕድር በዝቷል። በ1930ዎቹ 8 ሚዛን ነበር፣ በየሚዛኑ በአብዛኛው አንድ ሻምፒዮን። አርምስትሮንግ ከስምንቱ ሦስቱን በአንድ ጊዜ ያዘ። ጥቅምት 1937 ፔቲ ሳሮንን በ6ኛው ዙር ዘርሮ የላባ ሚዛኑን ወሰደ፣ ግንቦት 1938 አንድ ሚዛን ዘሎ ባርኒ ሮስን በ15 ዙር ነጥብ፣ ነሐሴ ላይ ደግሞ ሉ አምበርስን አሸንፎ መሃል ላይ የዘለለውን ቀላል ሚዛን ሰበሰበ። 10 ወር ያልሞላ ጊዜ ነው። በ1937 ብቻ 27 ግጥሚያ አድርጎ 27ቱንም አሸንፏል፣ 26ቱን በዝረራ። ዘንድሮ አንድ ሻምፒዮን በዓመት ሁለቴ ከገጠመ ደከመው ይባላል።

የአምበርስ ግጥሚያ ላይ ከንፈሩ ውስጡ ተቀዶ ወለሉ በደም ተጥለቀለቀ። ዳኛው ደሙ ካልቆመ አስቆማለሁ አለ። አርምስትሮንግ የጥርስ መከላከያውን አስወጥቶ የቀረውን ዙር ደሙን እየዋጠ ጨረሰ። ይሄን ሳነብ ጉሮሮዬን ነካሁ።

አሁን ማሟያዬ። ንጹሕ አልነበረም። ጭንቅላቱን ደረትህ ላይ ተክሎ በሁለት እጁ እንደ ወፍጮ ነው የሚሠራው፣ ቡጢውም ከቀበቶ በታች ይወርድ ነበር። በ1939 ከአምበርስ ጋር ሲመለሱ ዳኛው በዚሁ ጥፋት 5 ዙር ነጥቆታል፣ የተሸነፈውም በዚያ ነው። ስለዚህ ግፊት ከሆነ አንደኛ ነው፣ ጥበብ ከሆነ ሉዊስ ወይም ሮቢንሰን።

ኢኖዌ ወይ ሞት

ጋሼዎች ከጥቁርና ነጭ ፊልም ትንሽ ወጣ በሉ 😂

ናኦያ ኢኖዌን ያየ ሰው በዚህ ወሬ ውስጥ የለም እንዴ? ሐምሌ 2023 ቶኪዮ፣ ስቲቨን ፉልተን። አዲስ ሚዛን፣ የመጀመሪያ ግጥሚያው፣ ፉልተን ረጅም እና ያልተሸነፈ ሻምፒዮን። ኢኖዌ ሰባት ዙር ሙሉ ጃቡን ሆዱ ላይ ሲተክል ቆየ። ሰው ምን እያደረገ ነው አለ። 8ኛው ዙር ላይ ያንኑ ጃብ ወደ ሆድ ላከ፣ የፉልተን እጅና ዓይን ወደ ታች ሄዱ፣ ቀኙ በላይ መጣ። ሲንገዳገድ ዘሎ በግራ ሁክ ደገመው። ይሄ ጓንት የሰቀለ እንደተመታው ዓይነት ነው፣ ተገልብጦ ብቻ። ልጁ ላይ ነክቶ ታች መታህ፣ ኢኖዌ ታች ነክቶ ላይ መታው። ሁለት ሚዛን ላይ ሁሉንም ቀበቶ የሰበሰበ ሰው ነው፣ በ2022 እና በ2023 መጨረሻ።

ሎማቼንኮም አለ። አባቱ በልጅነቱ ቦክሱን አስቁሞ የዩክሬን ባህላዊ ጭፈራ እንዲማር ልኮታል። እግሩ ለምን እንደዛ እንደሚሄድ አሁን ገባችሁ? እስክስታ ተምሮ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ትከሻውን የሚያገኘው አይኖርም ነበር።

ፓኪያውን በማስገባትህ የካሳንቺሱ ተባረክ። በ48 ኪሎ የጀመረ ልጅ ዴላ ሆያን ወንበሩ ላይ አስቀርቶታል። ግራኝ ነው፣ ሲገባ አራት ቡጢ፣ ሲወጣ ከሌላ አቅጣጫ ሁለት። በ2010 ማርጋሪቶን ሲገጥም በጣም የሚገዝፈውን ሰው የዓይኑን አጥንት ሰብሮ፣ 11ኛው ዙር ላይ ዞሮ ዳኛውን "አስቁመው እንጂ" ብሎ የሚለምነው እሱ ነበር። የሚያጠቃው ሰው ለሚጠቃው ሲለምን አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ጓንት የሰቀለ

ስለ ኢኖዌ እጄን ሰጥቻለሁ፣ ልጁ አዋቂ ነው። ግን ገና አልጨረሰም። ግንቦት 2024 ኔሪ በመጀመሪያው ዙር ጥሎታል፣ ተነስቶ በ6ኛው ጨረሰው። አጥቂ ሰው ደጁን ክፍት ትቶ ነው የሚወጣው። ፓኪያውንስ ማርኬዝ በ2012 እንዴት ያዘው? 6ኛው ዙር ሊያልቅ ሰከንድ ሲቀረው አንድ ጃብ አብዝቶ ሲገባ፣ ፊቱን ተደፍቶ ቀረ።

አንድ ቀኝ

ፎርማንን የረሳችሁ ሰዎች ግን ምን ነካችሁ??? ያልተሸነፈውን ፍሬዘርን በሁለት ዙር ውስጥ 6 ጊዜ! ኪንግስተን፣ 1973! ፍሬዘር እኮ ከሁለት ዓመት በፊት አሊን በ15ኛው ዙር በግራ ሁኩ ያጋደመ ሰውዬ ነው!

ሚዛን ጠባቂው

ኪንሻሳስ? አሊ ገመዱ ላይ ተደግፎ ፎርማንን "ና ምታ" አለው፣ መታ፣ መታ፣ መታ፣ 8ኛው ዙር ላይ ጉልበቱ አለቀ፣ እሱም አለቀ። ነዳጁን ያላሰበ ሹፌር። እውነቱን ለመናገር እኔ የሁለተኛውን ፎርማን ነው የምወደው፣ በ1994 በ45 ዓመቱ ሙረርን በአንዲት አጭር ቀኝ የጣለውን። ያኔ ቸኩሎ አልነበረም።

ሩት ከሲልቨር ስፕሪንግ

ሮቢንሰን ብቻ ቀረ። አንድ ነገር ልበልና ልውጣ፣ ሥራ ሊረፍድብኝ ነው።

ግንቦት 1 ቀን 1957፣ ቺካጎ፣ ጂን ፉልመር። ሮቢንሰን 36 ዓመት ሊሞላው ሁለት ቀን ቀርቶታል፣ ከአራት ወር በፊት በዚሁ ሰው ተሸንፎ ቀበቶውን አጥቷል። ፉልመር ድንጋይ ነው፣ ወድቆ የማይቆጠርለት። 5ኛው ዙር ላይ ሮቢንሰን አንድ የግራ ሁክ ወረወረ፣ ፉልመር ሲገባ አገጩ ላይ አገኘው። አለቀ። በሥራ ዘመኑ ሁሉ ፉልመር በዝረራ ተቆጥሮ የተሸነፈው ያቺን ሌሊት ብቻ ነው። ፊልሙን ስታዩ ሁኩን አትጠብቁ። ከሁኩ በፊት የሮቢንሰን እግር የት እንዳለ እዩ፣ ከዚያ መልሳችሁ እዩት። እኔ ስንት ጊዜ እንዳየሁት ባሌ ይቁጠር።

የካሳንቺሱ

እሺ፣ የኔ ወሰንኩ። ሉዊስ፣ ሮቢንሰን፣ አርምስትሮንግ፣ ቻቬዝ፣ ፓኪያው። ኢኖዌ ደጅ ይጠብቅ። ሩት እና ጓንት የሰቀለ ናችሁ ያገለበጣችሁኝ።

ማታ የአክስቴ ልጅ ቤት ሄጄ ካርኔራን፣ ሽሜሊንግን፣ ፉልመርን በተራ አሳየሁት። ስልኩን ይዞ ዝም ብሎ አየ። የፉልመሩን ሁለቴ አስደገመኝ፣ እግሩን እይ አልኩት፣ አየ። ቡናው ሦስተኛው እስኪደርስ አልተናገረም። ከዚያ ስልኩን መለሰልኝና "ጎበዞች ናቸው፣ አልካድኩም" አለ። ሲኒውን አስቀምጦ ደግሞ፦ "ታይሰን ግን ሉዊስን በአራት ዙር ይዘርረዋል።"

ብረቱ

በሦስት።